ማስተካከያ፦ ሊ ኩዌዴ የተማረው ቶኪዮ ነው
ባለፈው ስለ ኮሪያዊው ሠዓሊ ሊ ኩዌዴ ስጽፍ «ሥዕል የተማረው ፓሪስ ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የተማረው በ1930ዎቹ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ቶኪዮ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ የሙሳሺኖ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የባሰ ስህተትም አለ። የሰውን አጥንትና ጡንቻ እየለየ ያሳየባቸውን ንድፎች «የተማሪነት ደብተሩ» ብያቸው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በኮሪያ ጦርነት ተማርኮ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ባለችው ጎጄ ደሴት ላይ ታስሮ ሳለ የሠራቸው ናቸው። አብሮት የታሰረ አንድ ወጣት ሥዕል መማር ፈለገ፤ እሱም ማስተማሪያ አዘጋጀለት። በምርኮኞች ካምፕ ውስጥ! ይሄ እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ።

በ1953 በምርኮኞች ልውውጥ ወደ ሰሜን ኮሪያ ሄደ። ደቡብ ኮሪያ ወደ ሰሜን በመሄዱ በሥራዎቹ ላይ የጣለችውን እገዳ ያነሳችው በ1988 ነው።