ጋቢ ያልደረሰው ቱቦ

የደብረ ማርቆስ ሰው ራሱን እንጂ ቤቱን አያሞቅም። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ የክረምቱ ጭጋግ ሳይጠራ ዘው ሲልበት ጋቢ ይደርባል፤ ባሰ ሲል ሌላ ጋቢ። ልክም ነው። ቤቱማ በምን ይሞቃል? በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል ድመት የሚያሾልክ ክፍተት አለ፤ ኮርኒሱ "ለከርሞ" ከተባለ ስንት ከርሞ አለፈ። ከፋግታ ለኮማ በጆንያ የመጣውን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ብታቀጣጥልበት ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ነው። ክፍተቱን ጠቅጥቄ፣ በር ዘግቼ፣ ከሰል አጠገብ ልተኛ ካልክ ደግሞ ብርዱን ለዘላለም ትገላገለዋለህ፤ ገዳዩ ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይቀሰቅስህም።

የእኔ ጠብ ግን ከሙቅ ውሃው ጋር ነው።

ቦይለር የገባበት ቤት ምልክት አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ይነግርሃል። አጎቴ ጋ ስትሄድ ገና ሳትቀመጥ "እጅህን ታጠብ፣ ሙቅ ውሃ አለ!" ትባላለህ። ትከፍታለህ። ቀዝቃዛ። ትጠብቃለህ። አሁንም ቀዝቃዛ። ምክንያቱም ቦይለሩ የተሰቀለው በዚያኛው የቤቱ ጫፍ ነው፣ ቱቦው ደግሞ በውጭ ግድግዳ ዞሮ ዞሮ፣ ነፋስ እየጠጣ ነው የሚመጣው። ጣትህ ደንዝዞ፣ ታጥበህ ጨርሰህ፣ ፎጣ ስትቀበል ሙቁ ይደርሳል። ትዘጋዋለህ። ያ የተከፈለበት ሙቅ ውሃ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ይቀዘቅዛል፤ ለሚቀጥለው እንግዳ።

"ጋሼ፣ ቱቦውን ስፖንጅ ቢያለብሱትስ?" አልኳቸው።

"ደግሞ ለቱቦ ልብስ!" ብለው ጋቢያቸውን አጣፉት።

የቦይለሩ ቀይ መብራትም እንደ ስለት ሻማ ቀን ከሌት አትጠፋም። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ 1,500 ዋት ለሚስብ ቦይለር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ማታ የሚታጠብ ሰው አመሻሽ ላይ ቢያበራው በቂው ነው። ጋሼ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ሲያሞቁት ያድራሉ፣ ያውም መቆጣጠሪያውን ጥግ ድረስ አዙረው፣ ጠዋት በቀዝቃዛ ሊበርዙት። ይህን ስትነግራቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "አባይ የማን ሆነና?" እውነት ነው፣ ግድቡ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጉባ ያለው ተርባይን ግን ካርድ አይሞላላቸውም። ካርዱን የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሲያልቅባቸውም "ይሄ ቆጣሪ ይበላል!" ብለው የሚጮኹት ራሳቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ቦይለሩን ዞር ብለው አያዩትም። ጓሮ "ምርጥ" ምድጃ አላቸው፣ ሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት ግማሽ ገደማ የሚበቃው። እንጀራ ሲጋግሩ ከኋላ በጭሱ መውጫ ላይ ድስት ይጥዳሉ። በከንቱ ሊሄድ የነበረው ሙቀት ውሃውን እጅ እስኪፈጅ ያሞቀዋል፣ ከዚያ ከድነው በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። ማታ ልጆቹ የሚታጠቡት በዚያ ነው። ጋሼም፣ ማንም አያየኝም ሲሉ፣ እግራቸውን።

ባለፈው ደወሉልኝ። "ያልከው ነገር ገብቶኛል፣ መላ አግኝቻለሁ" አሉ። በቃ ቱቦው ሊለብስ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ባለ 80 ሊትር ሊገዙ ነው።