ቆረቆር ስለበዛ ብቻ ጤና አይሆንም

በገጠር ትምህርት ቤቶቻችን ታችኛ ክፍሎች የልጆቹን ራስ ላየ ሰው ቆረቆር ብርቅ አይደለም። ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ቅርፊት የያዘ ራስ ነው። አንዳንዱ በኮፍያ ይሸፍነዋል፤ ብዙው ግን አይሸፍነውም፣ ወንድሙም የወንበር ጓደኛውም እንደሱ ናቸውና። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በሽታው ስለበዛ የልጅነት ወግ መሰለ። «ሲያድግ ይለቀዋል» ይሉናል።

እርግጥ ብዙ ጊዜ ጉርምስና ሲመጣ ይለቃል። እስከዚያ ግን ልጁ ራሱን ሲያክ ይኖራል፣ ይሰደባል፣ ታናናሾቹን ያስይዛል። አንዳንዴ ደግሞ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል፣ ሲድን ፀጉር ዳግም የማይበቅልበት ጠባሳ ይተዋል።

እናቶችን መውቀስም ይብቃን። እኛ አገር ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባል ፈንገስ ነው፤ የሚተላለፈውም ከሰው ወደ ሰው ነው። አንድ ምላጭ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲዞር፣ ማበጠሪያና ሻሽ ሲዋዋሱ፣ ሦስት አራት ልጅ በአንድ መደብ ሲተኛ፣ የእናትየዋ ንጽሕና ብቻውን ልጇን አያድነውም። ውሃ ከሩቅ በጀርባ ለምታመጣ ሴት «ልጅሽን እጠቢ» ብሎ መሄድ ምን ይባላል?

ቅባቱም ሌላ ጣጣ ነው። ገላ ላይ የሚወጣው ጭርት አብዛኛውን ጊዜ በፀረ ፈንገስ ቅባት ይድናል። ቆረቆር ግን ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ግሪሲዮፉልቪን ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ይባስ ብሎ ሰዉ ስቴሮይድ (ማሳከክን የሚያበርድ ግን ፈንገስን የማይገድል መድኃኒት) ያለበት ክሬም ገዝቶ ይቀባል። ማሳከኩ ጋብ ሲል የዳነ ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ መልኩም ስለሚለወጥ በኋላ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት የቆዳ ፈንገስን ከበሽታዎች ሁሉ በስርጭት 4ኛ ላይ አስቀምጦታል። ስለማይገድል ግን ወረፋው ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው።

ለእኔ ሥራው ትምህርት ቤት ላይ ነው መጀመር ያለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዓመቱ መጀመሪያ የልጆቹን ራስ ይዩ። ቆረቆር የተገኘበትን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሲልኩ እህት ወንድሞቹም አብረው ይታዩ፣ አለዚያ ድኖ ወደዚያው መደብ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። ኪኒኑን ሁለት ወር ሙሉ ሳያቋርጡ ማስዋጥ ለገበሬ ቤት ከባድ ስለሆነ መምህራን በክትትሉ ያግዙ። ጤና ጣቢያው ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ ይጠብቅ፤ ግማሽ ቀን በእግሩ የመጣን አባት «ከተማ ሄደህ ግዛ» ብሎ መመለስ አይገባም።