ጅማ ለተበዳሪ ስትራራ

ጅማ ላይ ዕዳ ያቃተው ሰው ብቻውን ይተክዛል የሚል ካለ ከተማዋን አያውቃትም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ መያዣውን ከመሸጡ በፊት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። እኛ ያን ያህል አናስጠብቅም። የማስጠንቀቂያው ፖስታ ሳይከፈት ሂርማታ መርካቶ ላይ ወሬው ከአቦል አልፎ በረካ ደርሷል።

የሐራጅ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ደግሞ የወገን ፍቅር ይታያል። ሠንጠረዡ የተበዳሪውንና የንብረት አስያዡን ስም፣ ቀበሌውን፣ የካርታ ቁጥሩን፣ የቦታውን ስፋትና መነሻ ዋጋውን ይይዛል። ለተጫራች የሚጠቅመው ከሥር ያለው ደንብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝ፣ ያሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ መክፈል። ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈው ወገናችን ግን ሲፒኦ ሊያሠራ አልተነሣም። ደንቡን ቆርጦ ያስቀርና ስሙን በቀይ ያከብበዋል። ሰውየው ከፍሎ ሐራጁ ቢሰረዝስ? ያንን መለጠፍ የሰው ገመና ውስጥ መግባት ነው፤ አናደርገውም።

ፍርድ ቤት አጥር ሥር ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። በፍርድ ቤት ኪሳራ ማሳወጅ በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የነጋዴና የንግድ ማኅበር መብት ነው፤ ደመወዝተኛ ቢያምረውም አይደርሰውም። የሚያመለክተው ነጋዴ የሀብትና ዕዳውን ዝርዝር፣ የአበዳሪዎቹን ስም ከነገንዘቡ ያስተይባል፤ ተራ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች ከጀርባው ቆመው ስክሪኑን እያነበቡ፣ አልፎ አልፎም ፊደል እያረሙ። ፋይሉ በስሙ ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል። የነገው ባለጉዳይ ማመልከቻ የሚሠራው በዚያው ላይ ስም እየተቀየረ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ የቀድሞው ስም ተረስቶ ሲቀር ዳኛው በአንድ መዝገብ ሁለት የከሰሩ ነጋዴዎች ያገኛሉ። ፍላሽ ይዞ መጥቶ፣ የተበላሸውን ኮፒ ሰብስቦ፣ ፋይሉን ከሪሳይክል ቢን ሳይቀር አስጠፍቶ የሚሄድ ራስ ወዳድም አይጠፋም። ምን ሊደብቅ ይሆን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ይላል፤ በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተጨመረ። ያረቀቁት ሰዎች በባጃጅ እያለፈ፣ ሳይወርድ፣ «ጋሼ፣ ያቺ የባንክ ነገር እንዴት ሆነች? ቤቷ ተሸጠች እንዴ?» ብሎ ከመንገዱ ማዶ የሚጮህ አዛኝ ጎረቤት የነበራቸው አይመስልም።

ይህ ሁሉ ደግነት የማይደርሰው ለአንድ ሰው ነው፤ ለዋሱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በደመወዙ የፈረመው የድርጅት ሠራተኛ የጓደኛውን መክሰር ከሌላው ጋር ሲቀባበል ይከርምና ወሩ ሲያልቅ የራሱ ደመወዝ ጎድሎ ይመጣል። ደግነቱ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ ይላል። ለምን እንደተቆረጠበት ሒሳብ ሹሟን የሚጠይቃትም ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።