ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ

የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ፣ የምናገረው ደስ ላይላችሁ ይችላል። ግን ይነገር። ሰውን በደመወዙ መመዘን ልማድ አድርገነዋል። ያ ሳያንስ ሚዛናችንም ትክክል አይደለም።

ሽምግልና ሲኬድ ስሙ። «ልጁ ምን ይሠራል?» ይባላል። «የመንግሥት ሠራተኛ ነው።» «ስንት ያገኛል?» ቁጥሩ ሲጠራ የሰው ፊት ይቀዘቅዛል። የሌላው ልጅ ደግሞ «የግል ድርጅት ነው ያለው፣ 13,000 ይከፍሉታል» ሲባል አባት ቀና ብሎ ይቀመጣል። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ቡና ላይ ይህ ነው ወሬው። መሐል ሜዳም፣ ሸዋ ሮቢትም ያው ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በግሉ ይቀናል። የግሉ ሠራተኛ የመንግሥቱን «ተቀምጦ ይበላል» እያለ ያንጓጥጠዋል። ወሩ ሳይጋመስ ግን ሁለቱም ያው አንድ ሱቅ በር ላይ ዱቤ ይጠይቃሉ።

በሬ ስትገዙ ቀንዱን ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትቆጥሩም። አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን ታያላችሁ፣ ወዲያ ወዲህ ታስኬዱታላችሁ። የልጃችሁን እንጀራ ስትመርጡ ግን አንድ ቁጥር ሰምታችሁ ትወስናላችሁ።

ፔሮል፣ ማለትም የሠራተኛ ደመወዝ ሒሳብ፣ እሠራለሁ። በመንግሥት ቤትም በግል ድርጅትም ሠርቻለሁ። ስለዚህ እስቲ አብረን እናስላ።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት ቤት በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ 2,100 ብር የሥራ ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 805 ብር ይነሳል። እጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። የግሉ ልጅ በ13,000 ተቀጠረ እንበል። ግብሩ 2,550 ነው። አሠሪው ጡረታ የማይቆርጥ ከሆነ 10,450 ብር ይዞ ይወጣል። የሁለቱ ልዩነት 1,855 ብር ነው። ሰው የሚያየው ይህችን ነው።

አሁን ያልታየውን እዩ። ለመንግሥቱ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ከራሱ 11 በመቶ፣ 1,265 ብር ይጨምርለታል። ከ805ቱ ጋር ሲደመር በየወሩ 2,070 ብር በስሙ ለጡረታ ይገባል። ይህ ያ የተቀናበት ልዩነት ከሆነው 1,855 ብር ይበልጣል። ሰዓቱንም ቁጠሩ። የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት ቢበዛ 39 ሰዓት ይሠራል። የግሉ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ 48 ሰዓት ይሠራል። በወር ሲሰላ 169 እና 208 ሰዓት ገደማ ነው። እጅ የገባውን ብር ለሰዓቱ አካፍሉት። ሁለቱም በሰዓት ወደ 50 ብር ይደርሳቸዋል። ያ «ሀብታም» የተባለው ልጅ ብልጫውን ያገኘው ረዘም ላለ ሰዓት ስለሠራና እርጅናውን ስለሸጠ ነው።

የዓመት ፈቃድ ጨምሩበት። በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ፈቃዱ ከ20 የሥራ ቀን ይጀምርና በየዓመቱ እየጨመረ 30 ይደርሳል። የክልል ሕጎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የግሉ ከ16 ይጀምራል፣ የሚጨምረውም በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ነው። ሚስቱ ስትወልድ እስከ 2017 በሠራው አዋጅ 1064/2010 የመንግሥቱ ሠራተኛ 10 የሥራ ቀን ያገኝ ነበር። የግሉ 3 ቀን ነው። የእናት ግን በሁለቱም 120 ቀን ነው። ይህን የማያውቁ፣ በ2 ወር ወደ ማሽን የተመለሱ እናቶች በደብረ ብርሃን አሉ።

ይህን ስል የመንግሥት ሥራ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ባንክ የገባ ልጅ በአነስተኛ ወለድ የቤት ብድር፣ ሕክምና፣ ቦነስ አለው። ይህን የወረዳ ባለሙያ በሕልሙም አያየው። ጠንካራ ማኅበር ያለው ፋብሪካ በኅብረት ስምምነት ብዙ ነገር ያስከብራል። ጌራ ምድር ወይም ግሼ ራቤል ገጠር የተመደበች መምህርት ደግሞ በወረቀት የተጻፈላት መብት ሁሉ ከመንገዱ፣ ከቤት እጦቱ፣ ከሚዘገየው ደመወዝ አያድናትም። ሙሉውን ቁጠሩ ነው የምለው።

ስለ ጡረታ ትንሽ ልቆይ። ብዙ የምንበደልበት እዚህ ላይ ነውና።

በየጊዜው ወጣቶች ጠረጴዛዬ ጋ ይመጣሉ። «እባክህ ጡረታ አትቁረጥብኝ፣ ብሩን ስጠኝ» ይላሉ። 22 ዓመት የሞላው ልጅ ስለ 60 ዓመቱ እንዲያስብ ማድረግ ከባድ ነው። ይገባኛል። የሚያናድደኝ ግን ከጎኑ ሆኖ «ልክ ነህ፣ የሚቆርጡብህ ገንዘብ የት እንደሚገባ ማን ያውቃል» የሚለው ትልቅ ሰው ነው። ወገኖቼ፣ ልጁን እያጠፋችሁት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከ2003 ጀምሮ በሕግ አለ። መቶኛው ከመንግሥቱ ጋር እኩል ነው፣ 7 እና 11። ያ ባለ 13,000 ልጅ 910 ብር አተረፍኩ ሲል አሠሪው 1,430 ብር ያተርፋል። 10 ዓመት አገልግሎ 60 የሞላው ሰው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ ቢያንስ 30 በመቶውን ዕድሜ ልኩን በየወሩ ያገኛል። ቢሞት ሚስቱ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ልጁ 20 በመቶ ይወስዳሉ። ከመንግሥት ወደ ግል፣ ከግል ወደ መንግሥት ቢዘዋወርም አገልግሎቱ ይያያዝለታል። ይህን ሁሉ ነው በ910 ብር የሚሸጠው።

አንድ የማውቃቸው አባት ነበሩ። ጥበቃ ናቸው። የደብረ ብርሃንን ሌሊት ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እጅ ዱላ አይጨብጥም። እሳቸው በዚያ ብርድ፣ በአንድ ጋቢና በአንድ ካፖርት፣ ጉልበታቸው እስኪደክም የሰው ንብረት ጠበቁ። መቆም ሲያቅታቸው «በቃ አባባ፣ ይረፉ» ተባሉ። ጡረታ ሲጠይቁ በስማቸው የገባ አንድም ወር አልተገኘም። አሠሪያቸው በክርስትና የተዛመዷቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ዘመድ አይካሰስም» አላቸው። ዛሬ የሚበሉት የልጃቸውን እጅ አይተው ነው።

እናንተ አሠሪዎች፣ ለናንተ ነው የምናገረው። ሆቴል የከፈታችሁ፣ ወፍጮ የተከላችሁ፣ ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ በአረቄም በብሎኬትም የበለጸጋችሁ። ቤተ ክርስቲያን ስታሠሩ ስማችሁ ይጠራል፣ እሰየው። ግን የሠራተኛችሁን 11 በመቶ ሳትከፍሉ የሰጣችሁት ስለት የማን ገንዘብ ነው? ሌላም አውቅባችኋለሁ። ደመወዙን ትከፋፍሉታላችሁ። መሠረታዊ ደመወዝ 3,000፣ የቀረውን «አበል» ትሉታላችሁ። ሠራተኛው ድምሩን አይቶ ደስ ይለዋል። ጡረታው የሚሰላው ግን በ3,000 ነው። የትርፍ ሰዓቱም፣ ሲሰናበት የሚያገኘው የስንብት ክፍያም በዚያችው በ3,000 ነው። ይህ ብልጠት አይደለም። የሰው እርጅና መብላት ነው።

የትርፍ ሰዓቱም ይነገር። ደመወዟ 4,160 ብር የሆነች ልጅ የአንድ ሰዓት ዋጋዋ 20 ብር ነው። በእረፍት ቀኗ 8 ሰዓት ብትሠራ ሕጉ እጥፍ ይላል፣ 320 ብር። በገና ቀን ከሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ 400 ብር። በአዘቦት ቀን ከመደበኛ ሰዓቷ በላይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብትቆይ አንድ ተኩል ነው፣ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን 1.75 ነው። ስንቷ ናት ይህን አስልታ የተቀበለች? ብዙዎቹ የሚሰጣቸው 160 ብርና ምሳ ነው። እሱንም አመስግነው ይወስዳሉ።

የመንግሥት ሠራተኞች፣ እናንተም አትስቁ። ደመወዛችሁ በ2017 ሲሻሻል ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። በ2018 መጀመሪያ 6,000 ደረሰ። ኑሮው ቀድሞ መሮጡን አውቃለሁ፣ በቂ ነው አልልም። እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ በማኅበር ሆናችሁ ከአሠሪያችሁ ጋር የመደራደር መብት እንደሌላችሁም አውቃለሁ። ነገር ግን ከሞጃና ወደራ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ገበሬ በር ላይ ሲቆም «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ስትሉት እሱ ምን በደለ? የሱ ነገ የመኪና ገንዘብ ነው፣ ያልታረሰ መሬት ነው። 39 ሰዓቱ የሕዝብ ነው። ደመወዝ ስላነሰኝ እኔም አገልግሎት አሳንሳለሁ የሚል ሰው ያነሰ ደመወዙን ከድሃው ላይ እየሰበሰበ ነው። ይህን ጉቦ ስለሚቀበለው አላልኩም። የሱ ነገር ሌላ ነው። ጨዋ ስለምንለው፣ ሰዓት ስለሚገድለው ነው ያልኩት።

አሁን ወደ ቤት አከራዮች ልምጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ የሚል ዜና ከተሰማ በኋላ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይጨምራል» የምትሉት ለማን ነው? ግቢያችሁ ውስጥ በአንድ በኩል መምህር አለ፣ በሌላው በኩል ሦስት ሆነው አንድ ክፍል የሚጋሩ የፋብሪካ ልጆች አሉ። የተጨመረው ለመምህሩ ነው። ኪራይ የጨመራችሁት ግን በሁለቱም ላይ ነው። ለልጆቹ ማንም ምንም አልጨመረላቸውም። ባለ ሱቁም ዘይትና ሽንኩርት ላይ እንዲሁ ያደርጋል። የመንግሥቱ ጭማሪ በአንድ ወር ውስጥ ያልቃል፣ የግሉ ሠራተኛ ደግሞ ካለበት ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ሁለቱ ይጠላላሉ። መሐል ላይ የተጠቀመውን ማንም አያየውም።

የግሉ ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ቢኖረው ይህ ባልከፋ ነበር። አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ይህን ሲጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። ለመንግሥት ሠራተኛ 6,000 ብር ወለል ሲቀመጥ ለኢንዱስትሪ ፓርኳ ልጅ የተቀመጠ ወለል የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፣ የሷ ጥያቄ ያንተም ነው። እኅትህ ናት፣ ወይም ሚስትህ ናት። በአንድ ቤት ሁለት ደመወዝ እየገባ አንዱን የሚያስከብር ሕግ አለ፣ ሌላውን ግን የለም። እንዴት ዝም ትላለህ?

እናንተ የፋብሪካ ልጆች ደግሞ ማኅበር መመሥረትን እንደ አመፅ አትዩት። 10 ሠራተኛ ካለ ይቻላል። ሕጉ ይፈቅዳል። ማኅበር ሲባል የምትሸሹ፣ ግን ሽንት ቤት ተደብቃችሁ የምታለቅሱ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለቅሶው ይብቃ። ተነጋገሩ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሥራ አገኘሁ ስትል «ስንት?» ከማለታችሁ በፊት ሌላ ጠይቁ። ውል ፈረመች? በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ ሊሰጣት ይገባል። መሠረታዊ ደመወዟ ስንት ነው፣ አበሉስ? የጡረታ መለያ ቁጥር ወጣላት? ወር ሲሞላ የደመወዝ መግለጫ ወረቀቷን አምጪ በሏት፣ አብራችሁ አንብቡት። ማንበብ ካቃታችሁ ሰፈር ውስጥ የሒሳብ ሰው አይጠፋም፣ በነጻ ያስረዳችኋል። እኔም አደርገዋለሁ።

የተጓደለ ነገር ካለ በቅድሚያ አሠሪው በጽሑፍ ይጠየቅ። እምቢ ካለ በየወረዳውና በየከተማው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት አለ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። «ጊዜው ሲመቸኝ» አትበሉ። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም። ያላግባብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ነው። ባለፈው ጥር በበዓል ቀን የሠራችሁ፣ ክፍያውን እስካሁን ያልተቀበላችሁ፣ ቀኑን ዛሬውኑ ቁጠሩ።