ያ ሳጥን ቢከፈት ኖሮ

«እዩኝ እዩኝ ያለች፣ ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች።» የፈረንሳዊውን ደራሲ የሞፓሳንን «የአንገት ሐብል» ያነበበ ሰው በማቲልድ ላይ መተረት የሚቀናው ይህን ነው። እኔ ግን ፍርዱ በዝቶባታል ባይ ነኝ።

ታሪኩ በ1884 የወጣ ነው፤ ላላነበባችሁት ባጭሩ እነሆ። ማቲልድ በትምህርት ሚኒስቴር የሚሠራ የተራ ጸሐፊ ሚስት ናት። ባሏ እንደ ምንም ብሎ የትልልቅ ሰዎች ግብዣ መጥሪያ ያመጣላታል። የምለብሰው የለኝም ብላ ታለቅሳለች። ለአደን ጠመንጃ መግዣ ያስቀመጣትን 400 ፍራንክ አውጥቶ ቀሚስ ያሠራላታል። ሐብሉን ከሀብታም ጓደኛዋ ትዋሳለች። ስትደንስ አድራ ቤቷ ስትገባ አንገቷ ባዶ ነው።

«ጠፋብኝ» ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አላለችም። ባሏ «ማያያዣው ተሰብሮ እያሠራሁት ነው ብለሽ ጻፊላት» አላት፤ ጻፈች። ከዚያ የሚመስለውን ፈልገው በ36,000 ፍራንክ ገዙ። ግማሹ የባሏ የአባት ውርስ፣ ግማሹ ብድር። ሠራተኛዋን አሰናበተች፤ ድስት ፈተገች፤ ውሃ ተሸክማ ፎቅ ስትወጣ በየደረጃው እየቆመች ተነፈሰች። 10 ዓመት! ዕዳው ካለቀ በኋላ ነው ጓደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ እውነቱን ለመናገር አፏ የተፈታው። ለካ የጠፋው ሐብል አርቴፊሻል ኖሯል፤ ቢበዛ 500 ፍራንክ።

ይህን ከባዶ ኩራት ይልቅ ይሉኝታ ብለው ይቀለኛል። ሎሬት ጸጋዬ ወደ አማርኛ በመለሰው የሼክስፒር ተውኔት «ኦቴሎ» ውስጥም ዴስዴሞና ያደረገችው ይህንኑ ነው። ባሏ የሰጣት መሐረብ ጠፍቶባት ሳለ፣ ሲያፋጥጣት ደንግጣ «አልጠፋም» አለች። ተንኮሉ ባሏን በቅናት ያሳበደው የኢያጎ መሆኑን አልዘነጋሁም። ግን ያቺ አንዲት ቃል ሥራውን አቀለለችለት።

የማቲልድን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ መጨረሻው አይደለም። አዲሱን ሐብል ስትመልስ ጓደኛዋ «ቶሎ ማምጣት ነበረብሽ፣ ብፈልገውስ ኖሮ?» ብላ ተቆጣቻት እንጂ ሳጥኑን ገልጣ አላየችም። ማቲልድ ደግሞ ሐብሉ መለወጡ እንዳይነቃባት ፈርታ፣ ባትከፍተው ተመስገን የምትል ነበረች። ተረፍኩ ያለችው በዚያ ክዳን ነው፤ 10 ዓመቷን የበላውም እሱ ነው። እኔም እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ሁሌ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፦ «ኧረ ክፈችው አንቺ ሴትዮ!»