ለሁለት እስር ቤት ከፋይ

የምኖረው ኖርዌይ ነው። እዚያ ሃልደን የሚባል እስር ቤት አለ፣ በፈረንጆቹ 2010 የተከፈተ፣ ከስዊድን ድንበር ብዙም አይርቅም። እያንዳንዱ እስረኛ ለብቻው ክፍል አለው። ሽንት ቤትና ሻወር ከነቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው። ትንሽ ፍሪጅም አለችው! መስኮቱ ላይ ብረት የለም። አስቤዛቸውን ከግቢው ሱቅ ገዝተው በጋራ ኩሽና ያበስላሉ፤ ሙዚቃ የሚቀዱበት ስቱዲዮ ሳይቀር አላቸው። ልጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡ አብረውት የሚያድሩበት ቤትም ተሠርቷል። ዳኛው የፈረደበት ነፃነቱን እንዲያጣ ነው፣ ሌላ ቅጣት አይጨመርበትም ይላሉ።

ያ 77 ሰው የጨረሰው ብሬይቪክ፣ እሱ እንኳን የታሰረው ሌላ ቦታ ነው፣ ፕሌይስቴሽን 2 አርጅቷልና 3 ይሰጠኝ ብሎ በደብዳቤ አማሯል። ያን ስሰማ ደሜ ፈላ። የእኔ ግብር እኮ ነው!

ዘንድሮ ጅማ አክስቴ ቤት ሰነበትኩ። ልጇ ታስሯል። የሞተር ሳይክል ጣጣ ነው፣ ክሱ ገና አላለቀም። የት እንደታሰረ ልተወው። አክስቴ ሌሊት ተነስታ ሽሮ ሠራች፣ እንጀራውን በምሳ ዕቃ አጨቀችው፣ ሻይ በፔርሙዝ። ከሒርማታ ባጃጅ ይዘን ሄድን። ሰልፉ ሴት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም ፌስታል ይዟል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ መቀመጫ የሚባል ነገር የለም።

ተራችን ሲደርስ ጥበቃው ምሳ ዕቃውን ከፈተና «ይቅመሱ እማማ» አላት። አክስቴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ናት። ዞር ብላ አየችኝ። እዚያው ቆሜ ጎረስኩ፣ አንዴ አልበቃ ብሎት ከታች በኩል ድገም አለኝ። ከዚያ መታወቂያ ሲለኝ ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን አወጣሁ። ገልብጦ ገልብጦ አየና «ወንድም፣ የቀበሌ ነው የምንቀበለው» ብሎ መለሰልኝ። ሽሮውን ለመቅመስ ሰው ነኝ፣ ለመግባት ግን አይደለሁም! ውጭ ቀረሁ። ብለው ብሠራው ሰሚ የለም።

ስትወጣ ነገረችኝ። የሚያድሩት በጎን ተደርድረው ነው፣ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም አብሮ ይገላበጣል። ትኋኑ ሌላ ነው። ያን ያህል እንጀራ የምታጭቀው ለልጇ ብቻ አልነበረም ለካ፤ ጠያቂ የሌላቸው አብረውት ይቀርባሉ፣ «እነሱንማ እያየ እንዴት ይበላል?» አለችኝ።

ሽሮው የተገዛው እኔ በምልከው ብር ነው። ኖርዌይ ላለው እስረኛ ፍሪጅ እከፍላለሁ፣ ጅማ ላለው ደግሞ ሽሮና የባጃጅ። አንዱን መንግሥት ከደሞዜ ቆርጦ ይወስደዋል፣ ሌላውን አክስቴ ደውላ ትጠይቀኛለች። ሕገ መንግሥታችን እኮ አንቀጽ 21 ላይ እስረኛ ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ ይያዛል ይላል። የምሳ ዕቃውን ወጪ ማን እንደሚችል ግን አይልም።

ማታ ቡና ላይ ይህን ሳወራ አንዷ ጎረቤት «እናንተ ጋ ፍሪጅ አለ እንጂ ጠያቂ የለም፣ እኛ ጋ ፍቅር አለ» አለችኝ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ፍቅሩን አልካድኩም። ግን አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። ፍቅሯ እንዲታወቅላት የግድ ባጃጅ ተሳፍራ፣ ጾሟን ፀሐይ ላይ መገተር አለባት? ቤቷ ቁጭ ብላም እኮ ትወደዋለች።