ወይዘሮ ሊዲያ አይተው ነበር

ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ ቨርጂኒያ እንደኔ ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ ለዜግነት የማላችሁ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጭምር።

ነገሩ የሆነው ሪችመንድ ውስጥ በ1806 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጆርጅ ዊዝ የሚባሉ 80 ዓመት የሚጠጋቸው ዳኛ ነበሩ። የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ናቸው። ቶማስ ጄፈርሰንን ሕግ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ያሳደጉት ልጅ የላቸውም። ቤታቸውን የያዙት ወይዘሮ ሊዲያ ብሮድናክስ ናቸው። ጥቁር ናቸው። ዊዝ በ1787 ከባርነት ነፃ አውጥተዋቸዋል፤ ከዚያም በኋላ እዚያው ምግብ ያበስላሉ። ማይክል ብራውን የሚባል ነፃ ክልስ ልጅም አብሯቸው ይኖራል። ሽማግሌው ራሳቸው ላቲንና ግሪክ ያስተምሩታል።

አራተኛው ሰው የዊዝ የእህታቸው የልጅ ልጅ ነው። ስዊኒ ይባላል። በሽማግሌው ስም ሐሰተኛ ቼክ እየጻፈ ከባንክ ገንዘብ ያወጣል። ኑዛዜው ውስጥ ስሙ አለ። ማይክል ከሞተ ደግሞ የማይክልም ድርሻ ለሱ ይሆናል።

በሜይ መጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት ይህ ወጣት ወደ ወጥ ቤት ገባ። ከወይዘሮ ሊዲያ አፍ ተወስዶ የቆየው ታሪክ እንዲህ ነው። ቡና ጠየቀ። ማፍያውን ራሱ አነሳ። ከዚያ አንዲት ነጭ ወረቀት እሳት ውስጥ ወርውሮ ወጣ። የቤቱ ሰው ያንን ቡና ጠጣ። ሁሉም ታመሙ። ማይክል በሳምንቱ ሞተ። ሽማግሌው ሁለት ሳምንት ተሰቃይተው፣ ስዊኒን ከኑዛዜያቸው አስፍቀው፣ ጁን 8 ቀን ሞቱ። ወይዘሮ ሊዲያ ተረፉ።

መርዙ አርሴኒክ ነው ተባለ። ስዊኒ ተከሰሰ። ጠበቃ የቆሙለት ዊልያም ወርትና ኤድመንድ ራንዶልፍ ናቸው፤ ራንዶልፍ የአሜሪካ የመጀመሪያው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የነበሩት ሰው ናቸው። ሐኪሞቹ በመርዝ ነው ብለው በእርግጠኝነት አልመሰከሩም። ወረቀቱን ያዩት ሴትዮ ግን በሕይወት አሉ። እዚያው ከተማ ውስጥ አሉ!

አልተሰሙም። የቨርጂኒያ ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ እንዲመሰክር አይፈቅድም ነበር። ስዊኒ ከግድያው ክስ ነፃ ወጣ። በሐሰተኛ ቼኩ ጥፋተኛ ቢባልም እሱም ፍርድ ተሻረለት። ሁለት ሰው ሞቶ አንድም ሰው ሳይቀጣ ቀረ።

እኛ ያደግነው «በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል» እየተባልን ነው። እዚህ ግን ሕጉ ራሱ የእማኝን አፍ ይዞ ነፍሰ ገዳዩን አሳለፈው።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተናደድኩት በስዊኒ ነበር። በኋላ በራሳቸው በዊዝ ተናደድኩ። ከነፃነት አዋጁ በኋላ የቨርጂኒያን ሕጎች እንዲያሻሽሉ ከተሰየሙት ውስጥ ሥራውን የጨረሱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጄፈርሰን፣ ፔንድልተንና ዊዝ። ጥቁር አይመስክር የሚለው ሕግ ከነሱ በፊትም ነበር። በ1779 ባቀረቡት ረቂቅ ግን አልሰረዙትም፣ እንዳለ አሳለፉት። በ1785 ጸደቀ። እኒህ ሰው ክፉ አልነበሩም፣ እሱ ነው የሚያመኝ። በመጨረሻ ዘመናቸው ለነፃነቷ የተሟገተች ራይት የምትባል ሴት የያዘችውን ጉዳይ አይተው፣ ነፃነት የሰው ልጅ ሁሉ የልደት መብት ነው ብለው ፈርደዋል። የበላይ ፍርድ ቤቱ ሴትዮዋ የቀይ ሕንዶች፣ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች፣ ዘር ነች ብሎ ነፃነቷን አጸናና፣ ለአፍሪካ ልጆች ግን ይህ ሐሳብ አይሠራም አለ። ዊዝ ይህን ሳይሰሙ ሞተዋል። በደጉ ዘመናቸው ያላነሷት አንዲት መስመር ግን የገዛ ደማቸውን መና አስቀረች።

ወይዘሮ ሊዲያ በ1807 ለፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ደብዳቤ ላኩ። ከዚያ ሕመም ወዲህ ዓይናቸው እየጠፋ እንደሆነ ነገሯቸው። 50 ዶላር ተላከላቸው። ያየው ዓይናቸው ነው የጠፋው።

እሺ፣ አሁን ወደኛ።

የዜግነት ፈተናው ላይ «የዜጎች ብቻ የሆነ አንድ ኃላፊነት ንገረኝ» የሚል ጥያቄ ነበር። መልሱን ሁላችንም ሸምድደናል፤ ጁሪ ሆኖ መቀመጥ፣ ማለትም ከሌሎች ዜጎች ጋር ፍርድ ቤት ገብቶ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብሎ መወሰን። ታዲያ የጁሪ ደብዳቤ ሲመጣ ምን እንላለን? «እንግሊዝኛ አልችልም በል፣ ይተዉሃል።» ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ታክሲ የሚነዳ፣ በእንግሊዝኛ ቤት ገዝቶ የፈረመ ሰው ነው ይህን የሚለው! ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ። እንደ ብልጠት ተቆጥሮ ተስቆበታል። እኔም ስቄያለሁ።

የኔ ግን ከዚህም ይብሳል። የመኪና ማቆሚያ ስሠራ አንድ ደንበኛ የሥራ ባልደረባዬን ገፍትሮ ጣለው። ልጁ ከመጣ ሦስት ወሩ ነበር፤ ቋንቋው ገና ነው። ፖሊስ መጣና «ያየ ሰው አለ?» አለ። እኔን ነው የጠየቀው፤ ዓይን ዓይኔን እያየ። አይቻለሁ። ከሁለት ሜትር ላይ ነው ያየሁት። «አላየሁም» አልኩ። ፈረቃዬ እንዳይነካብኝ፣ ፍርድ ቤት እንዳልመላለስ ብዬ። ልጁ አማርኛዬን ሳይሆን እንግሊዝኛዬን ሰምቶ ገባው። ምንም አላለኝም። በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። የት እንዳለ አላውቅም።

ወይዘሮ ሊዲያ አይተው፣ መናገር እየቻሉ፣ ሕግ ከለከላቸው። እኔን ሕጉ ራሱ መጥቶ ለመነኝ። እናንተንም በፖስታ ይለምናችኋል። ያ ክልከላ እስኪነሳ ስንት ሺህ ሰው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደሞተ ታውቃላችሁ። እኛ ደርሰን የተከፈተ በር አገኘንና፣ ብርድ ገባብን ብለን ዘጋነው። ምን ነካን?

ደክሞኛል። ይህን አንብባችሁ «ተወው፣ ወሬ አበዛ» እንደምትሉም አውቃለሁ። በዚህ ሳምንት ግን ለኔም ደብዳቤ መጥቷል፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ነው። የአንድ ቀን ገቢዬ ይቀራል፣ ይቅር። እዚያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ስገባ አንድ ሰው ቀና ብሎ «ሐበሻ ነህ?» ቢለኝ ደስ ይለኛል።